ተጣብቆ የቀረ የመኪና ቴርሞስታት ስለ ማውጣትና ስለ መለወጥ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ሲያዩት እጅግ ትንሽ ነው። በመዳፍ ውስጥ ይያዛል፤ ዋጋውም ከመኪናው ዋጋ ጋራ ሲመዛዘን ከምንም የሚቈጠር አይደለም። ነገር ግን ይህ ትንሽ ዕቃ ሥራውን ያቆመ እንደ ሆነ ታላቁ ሞተር ተቃጥሎ ከመንገድ ዳር ይቀራል። ስሙ ቴርሞስታት ይባላል።

ስለዚህ ነገር እንድናገር ያነሣሣኝ በዘመዶቼ ላይ የደረሰ አደጋ ነው። አጎቴ በባሕር ዳር ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ሲሆኑ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አላቸው። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. በሆላንድ ሀገር በአምስተርዳም ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየ የእንግሊዝ መኪና ነው፤ በሀገራችንም ገደልና ጭቃ በበዛበት መንገድ ሁሉ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። አጎቴም በዚሁ መኪና ከዘጌ ቡና እያመጡ በባሕር ዳር ገበያ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን በበጋ ወራት እኔና የአጎቴ ልጅ ከእርሳቸው ጋራ ከዘጌ ስንመለስ የሙቀቱ መርፌ በድንገት ወደ ቀዩ ምልክት ወጣ። አጎቴም መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁመው፤ «ልጄ፤ ተወው፤ ይቀዝቅዝ» ቢሉት ልጁ ቸኩሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው። የፈላውም ውሃ እንደ ምንጭ ወደ ላይ ተወርውሮ እጁንና ደረቱን ለበለበው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ የፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። ልጁ በሕክምና ብዙ ቀን ተኛ፤ የሞተሩም ቴስታታ ተጣምሞ፤ ጓርኒሲዮኑም ተቃጥሎ መኪናው ሦስት ወር ያለ ሥራ ቆመ።

ኋላ ሲመረመር የዚህ ሁሉ መነሻ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አጎቴ «መኪናዬ ይሞቃል» ብለው ወደ አንድ ጋራዥ ወስደውት ነበር። ራዲያተሩ ታጥቦ ተመለሰላቸው እንጂ ቴርሞስታቱን የከፈተው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ ሀገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል።

ቴርሞስታት ምንድን ነው፤ ሥራውስ?

በሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ብዙ ሙቀት ይወጣል። ከዚህ ሙቀት የሚበዛው ለመንኰራኵሩ ኃይል አይሆንም፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከፊሉንም ውሃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ያደርሰዋል። በራዲያተሩም ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያም ፓምፑ ወደ ሞተሩ ይመልሰዋል።

ነገር ግን ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት እንደሚጎዳው ሁሉ ብርድም ይጎዳዋል። ጧት ገና ሲነሣ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እየሄደ የሚቀዘቅዝ ቢሆን ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ለማግኘት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል አንድ በረኛ ቆሟል፤ እርሱም ቴርሞስታት ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ በሩን ይዘጋል፤ በሞቀ ጊዜም ይከፍታል።

ይህ በረኛ የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ አይደለም። በመካከሉ ካለው ትንሽ የመዳብ ወይም የነሐስ ጽዋ ውስጥ ሰም ታሽጎ ተቀምጧል። ሰሙ በተወሰነ ሙቀት ሲቀልጥ ያብጣል፤ ሲያብጥም ዘንጉን ገፍቶ በሩን ይከፍታል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰብና ጥቅልሉ ሽቦ በሩን መልሶ ይዘጋዋል። በሰም የሚሠራው ዓይነት የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ሲሆን ከዚያ በፊት የነበረው ዓይነት በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ የታሸገበት፤ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ የነሐስ ከረጢት ነበር። በሁለቱ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። የጥንቱ ከረጢት የተቀደደ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ በሩ ተከፍቶ ይቀራል፤ የሰሙ ጽዋ ያፈሰሰ እንደ ሆነ ግን ሽቦው በሩን ስለሚገፋው ተዘግቶ ይቀራል። የአጎቴም መኪና የደረሰበት ይኸው ነው።

ስለ ሀገራችን ከፍታ

መጽሐፍ ሁሉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሚሆኑ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በ92፤ በደብረ ታቦርም በ91 ገደማ ይፈላል።

ይህን ለማካካስ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። ለምሳሌ ግማሽ አትሞስፌር የሚይዝ ክዳን በባሕር ዳር የውሃውን መፍያ ወደ 107 ዲግሪ ያደርሰዋል። ነገር ግን የክዳኑ ጎማ ያረጀ ከሆነ ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል፤ ውሃውም በ94 ይፈላል። ክዳኑን በትኩሱ መክፈት ለምን አደገኛ እንደ ሆነም ከዚህ ይታወቃል። በግፊት ታፍኖ 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይፈላና ይወረወራል።

ቴርሞስታቱ መጣበቁ በምን ይታወቃል?

ጧት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥታችሁ ከሞተሩ ራስ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የውሃ ጎማ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ነገር ግን ከማራገቢያውና ከቺንጋው እጃችሁንና ልብሳችሁን አርቁ። ደኅና ቴርሞስታት ያለው መኪና ጎማው ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና በሩ ሲከፈት በድንገት ይሞቃል። ጎማው ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሞቀ የሚሄድ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው። መርፌው ወደ ቀዩ እየወጣ ጎማውና ራዲያተሩ ቀዝቃዛ እንደ ሆኑ ከቀሩ ግን ተዘግቶ ቀርቷል፤ ሞተሩንም ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

በመርፌው ብቻ መታመን ግን አይገባም። ውሃው ከጎደለና ሙቀቱን የሚለካው ዕቃ ከውሃ በላይ ከቀረ መርፌው ዝቅተኛ ሙቀት እያሳየ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የውሃውን መጠን መመልከት ነው።

ስለ ማውጣት

አንደኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ አይሁን። ክዳኑንም በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ መጀመሪያ በጥቂቱ አላሉት፤ የቀረ እንፋሎት ካለ ይውጣ።

ሁለተኛ፤ ከራዲያተሩ ግርጌ ንጹሕ ሳፋ አስቀምጣችሁ ሦስት ሊትር ያህል ውሃ አፍስሱ። ሁሉን ማፍሰስ አያስፈልግም፤ የውሃው ልክ ከቴርሞስታቱ በታች ከወረደ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ የላይኛውን ጎማ ማሰሪያ በካቻቢቴ አላልታችሁ ጎማውን እየጠመዘዛችሁ አውጡ። ጎማው የደረቀና የተሰነጣጠቀ ከሆነ አብሮ መለወጥ ነው።

አራተኛ፤ ቴርሞስታቱ የተቀመጠበትን ቤት ብሎኖች ፍቱ። በብዙ መኪናዎች ሁለት፤ በአሮጌው ላንድሮቨር ግን ሦስት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ቤቱ አሉሚኒየም፤ ብሎኖቹ ብረት ስለ ሆኑ በብዙ ዓመት ውሃ ተበላልተው እንደ አንድ ዕቃ ይጣበቃሉ። በዋዜማው ማታ ጥቂት ናፍታ በብሎኖቹ ሥር አንጠባጥቡ። በማግስቱ የብሎኑን ራስ በመዶሻ በቀስታ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ልኩን በያዘ ቁልፍ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፤ ጥቂት ወደ መፍታት እያላችሁ አለማምዱት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፤ ባንድ ጊዜ በኃይል የጎተተው ሰው የብሎኑን ራስ ቆርጦ ያስቀራል፤ ያን ጊዜም ሥራው መሰርሰሪያ ላለው መካኒክ ይሆናል።

አምስተኛ፤ ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ ቤቱ አልነሣም ቢል በእንጨት መዶሻ ጎንና ጎኑን ምቱት። ካቻቢቴ በመገናኛው መካከል አስገብቶ መፈንቀል ክልክል ነው፤ አሉሚኒየሙ ስለሚጫር ኋላ ውሃ ያፈስሳል። ቤቱ ሲነሣ ቴርሞስታቱ ከነዝገቱ ተቀምጦ ይታያል። የትኛው ፊቱ ወደ ላይ እንደ ነበረ ልብ ብላችሁ አውጡት።

ስድስተኛ፤ ሁለቱን ፊቶች ከአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሬታ አጽዱ። ፍርፋሪው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ወትፉት፤ ሲጨርሱም ጨርቁን ማውጣት እንዳይረሳ። የመጨረሻውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማሸት ይበቃል።

በድስት ስለ መፈተን

የወጣው ቴርሞስታት ብልሹ መሆኑን፤ አዲሱም ደኅና መሆኑን በድስት ውሃ መፈተን ይቻላል። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥሎ የድስቱን ግርጌ ሳይነካ በውሃው ውስጥ ማቆየትና እሳቱን ቀስ በቀስ ማንደድ ነው። በጠርዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር፤ 74 ወይም 82 ወይም 88፤ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ፈጽሞ የሚከፈተው ግን ከዚያ በላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሲጨመር ነው።

እዚህ ላይ ከፍ ብለን ስለ ከፍታ የተናገርነው እንዳይዘነጋ። በባሕር ዳር የድስቱ ውሃ ከ94 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ አይችልም። ስለዚህ 88 የተጻፈበት ቴርሞስታት በዚያ ድስት ውስጥ ጥቂት ብቻ ቢከፈት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። 92 የተጻፈበትማ በደብረ ታቦር ድስት ፈጽሞ ላይከፈት ይችላል፤ ውሃው በ91 ይፈላልና። ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ዕቃ ይጥላል። 74 ወይም 82 የተጻፈበት በሚፈላ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ምንም ያልተንቀሳቀሰ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ሞቷል።

አዲሱን ስለ ማስገባት

አዲሱ ቴርሞስታት የመኪናው ሠሪዎች ያዘዙት ቁጥር ያለው ይሁን። አንዳንድ ሰው መኪናው የሚሞቅበት በሌላ ምክንያት ሆኖ ሳለ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ቴርሞስታት ቢያስገባ የሚድን ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ቴርሞስታት የሚወስነው የሞተሩን ዝቅተኛ ሙቀት እንጂ ከፍተኛውን አይደለም። ራዲያተሩ የተደፈነ፤ ቺንጋው የላላ ወይም ፓምፑ የደከመ ከሆነ በሩ ቀደም ብሎ ቢከፈት ምንም አይጠቅምም።

ሲገባም የሰሙ ጽዋና ጥቅልሉ ሽቦ ወደ ሞተሩ በኩል መሆን አለባቸው፤ የሞቀውን ውሃ ሊያውቅ የሚገባው ጽዋው ነውና። ተገልብጦ የገባ ቴርሞስታት በሩን በጊዜው ስለማይከፍት አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው የባሰ ይሆናል። በጠርዙ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቀዳዳው ወደ ላይ ይሁን፤ የታፈነው አየር የሚወጣው በእርሱ ነው።

አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ። ከገበያ ካልተገኘ በቤቱ ልክ ከጓርኒሲዮን ወረቀት ቆርጦ መሥራት ይቻላል። ብሎኖቹን አጽድታችሁ ጥቂት ግራሶ ቀብታችሁ፤ አንዱን ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታጠብቁ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለ ሆነ ከልክ በላይ ማጥበቅ ይሰነጥቀዋል።

ከዚያ በኋላ ውሃውን በቀስታ ሙሉ። ክዳኑን ሳትገጥሙ ሞተሩን አስነሥታችሁ በዝግታ ይሥራ፤ የውስጥ ማሞቂያ ካለውም ክፍት ይሁን። በሩ ሲከፈት አየሩ ይወጣና የውሃው ልክ ዝቅ ይላል፤ የጎደለውን ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙ። በማግስቱ ጧት ቀዝቃዛ ሳለ የውሃውን ልክ እንደ ገና ተመልከቱ።

አውጥቶ ስለ መጣል

በሀገራችን ብዙ ሰው «አገራችን ሞቃት ነው፤ ቴርሞስታት የፈረንጅ አገር ዕቃ ነው» እያለ አውጥቶ ይጥለዋል። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ተዘግቶ የቀረውን አውጥቶ በዝግታ እስከ ቤት መድረስ የሚነቀፍ አይደለም። እንደዚያው አድርጎ ለዓመታት መንዳት ግን ሞተርን ቀስ በቀስ መግደል ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ እየጠራቀመ ጭቃ ይሆናል፤ ሲሊንደሮቹም ይበላሉ።

ደግሞም በአንዳንድ መኪና ያለ ቴርሞስታት መንዳት ራሱ ሙቀት ያመጣል። ቴርሞስታቱ ሁለት በር ያለው ሆኖ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ ነው። እርሱ ከወጣ ከውሃው ከፊሉ በአቋራጩ እየተመለሰ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። በአዲስ አበባ በታክሲነት የታወቀችው ላዳ ደግሞ ቴርሞስታቷ ከሞተሩ ውጭ በሦስት የውሃ ጎማዎች መካከል የተቀመጠ ራሱን የቻለ ዕቃ ስለ ሆነ የሚለወጠው በሙሉ ነው። የጥንቱ ቮልስዋገን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ራዲያተር የለውም፤ እርሱም ቢሆን የነፋሱን መዝጊያ የሚያዝዝ ቴርሞስታት ከሞተሩ ሥር አለው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው የአባይን በረሃ ያስብ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ያለ ጭነት ስለሚዞር ይቀዘቅዛል፤ ከድልድዩ ወዲያ ባለው ዳገት ደግሞ በበረሃው ሙቀት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ይጨነቃል። የበረኛው ደኅንነት የሚፈተነው በዚያ ነው።

ስለ ውሃው

በጣና ዳር የሚኖር ሰው ውሃ አይቸግረውም፤ በጀሪካን ቀድቶ መሙላት ልማድ ነው። ነገር ግን ግልገል አባይ፤ ጉማራ፤ ርብና መገጭ በየክረምቱ ብዙ ደለል ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። ይህ ደለል በራዲያተሩ ቧንቧና በቴርሞስታቱ ዘንግ ላይ ተጋግሮ ይይዛል። ለራዲያተር የተጣራ ውሃ ከጸረ ዝገት ፈሳሽ ጋራ መጠቀም ይሻላል፤ ባይገኝ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ይመረጣል።

ከመኪናው የፈሰሰውን ደግሞ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ አባይ መድፋት አይገባም። ቀለም ያለው የራዲያተር ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ መርዝ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ከብትም ቢጠጡት ይገድላል። በተከደነ ዕቃ አስቀምጦ ለጋራዥ መስጠት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በባሕር ዳር የመካኒክነት ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም፤ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ብዙ ባለ ሙያ ወጥቶበታል። የእያንዳንዱን መኪና ጧት ጧት የሚያየው ግን ባለቤቱ ነው። አጎቴ አሁን ሞተሩን ካስነሡ በኋላ ጎማውን በእጃቸው ሳይዳስሱ ከግቢ አይወጡም። ልጃቸውም ድኗል፤ ጠባሳው ግን በክንዱ ላይ ነው። ሰው ሲጠይቀው፤ «የማስተዋያ ዋጋ ነው» ይላል። እናንተ ያን ዋጋ ሳትከፍሉ ታስተውሉ ዘንድ ይህን ነገርኳችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።